ከመዝራታችሁ በፊት አረሙን አብቅሉት

በነሐሴ ጭቃ ቁጢጥ ብሎ፣ ከጤፍ ቡቃያ ጋር የሚመሳሰለውን ሣር አንድ በአንድ እየለዩ መንቀል ምን ያህል እንደሚያደክም ያረመ ያውቀዋል። ክረምት የተማሪ እረፍት ነው ይባላል፤ ለገጠር ልጅ ግን የአረም ወቅት ነው። ከልጆቹ ጋር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎንበስ ብለው የሚውሉት እናቶች ናቸው። ይህን ድካም ማቃለል ይቻላል። መንገዱም አረሙ መቼና ለምን እንደሚበቅል አውቆ፣ ሰብሉ መሬት ላይ ሳይኖር እንዲበቅል ማድረግ ነው።

የአረም ዘር ዝም ብሎ አይበቅልም። አፈሩ መርጠቡን፣ መሞቁን፣ ብርሃን መኖሩን፣ አየር መግባቱን ይጠብቃል። እነዚህ ካልተሟሉለት ተኝቶ ይከርማል። አንዳንዱ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ዊሊያም ቢል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በ20 ጠርሙሶች ቀበረ። በ2021 ከጠርሙሶቹ አንዱ ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ከ140 ዓመት በላይ ከተቀበሩት ዘሮች መካከል የበቀሉ ነበሩ። ስለዚህ «ዘሩ አልቆ ይጠፋል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

የምጽፈው በዋናነት በወይና ደጋና በደጋ ጤፍና ስንዴ ለሚያመርቱ ነው። ጓሮ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ የሚተክልም ግን አብዛኛውን ሊሠራበት ይችላል።

አንደኛ፦ መሬታችሁ ውስጥ ምን እንደተኛ እወቁ

ይህን ሥራ ሚያዝያ ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ጀምሩት። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ባለ 5 ሊትር አሮጌ ጀሪካን ነው። አስተኝታችሁ በቁመታቸው ሰንጥቋቸውና ታችኛውን ግማሽ ያዙ። ውኃ እንዲያሳልፍ ሥሩን በጋለ ምስማር ብሱት።

ከዚያ ማሳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ከአሥር ያህል ቦታ አፈር ሰብስቡ። ከላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር የወሰዳችሁትን በአንዱ ጀሪካን፣ ከሥሩ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ካለው የወሰዳችሁትን በሌላው አድርጉ። አይደባለቁ። ጓሉን በእጃችሁ አድቅቁ፣ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ዘርጉት፣ አጠጡት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ዶሮ እንዳይጭረው ከለል አድርጉለት። አፈሩ ሳይደርቅ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ። የበቀለውን ቆጥራችሁ ንቀሉ፣ አፈሩን አገላብጡ፣ እንደገና አጠጡ። ሁለተኛ ዙር ይወጣል።

አሁን ሁለቱን አወዳድሩ። የላይኛው ሞልቶ የታችኛው ባዶ ከሆነ፣ ችግራችሁ ከላይ ነው፤ ቀጥሎ የማሳያችሁ ዘዴ በደንብ ይሠራላችኋል። የታችኛው ሞልቶ የላይኛው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ አፈሩን በጥልቀት የሚገለብጥ እርሻ ጠላታችሁ ነው። የተኛውን ወደ ላይ ታመጡታላችሁ። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ትራክተር ተከራይቶ በጥልቀት ማስገልበጥ ገንዘብ ከፍሎ አረም መግዛት ነው።

ቡቃያውንም ለይታችሁ እወቁት። ስንዴ ውስጥ ዋናው አስቸጋሪ ሲናር ነው። በቡቃያነቱ ከስንዴው አይለይም የሚል ብዙ ነው፤ ግን ይለያል። የስንዴ ቅጠል ግንዱን በሚያቅፍበት ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮ የሚመስሉ ነገሮች አሉት። ሲናር የለውም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ቡቃያውን ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ሲናር ከሆነ የዘሩ ቅርፊት፣ ጠቆር ያለውና ፀጉር ያለበት፣ ገና ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ያ ቅርፊት ከየት ጥልቀት እንደመጣም ይነግራችኋል። ከቅርፊቱ እስከ አረንጓዴው መጀመሪያ ድረስ ያለውን ነጭ ክፍል ለኩት፤ የተቀበረበት ልክ እሱ ነው። ሲናር 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ካለ ጥልቀት መውጣት ይችላል። እንደ አሉማ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች ግን አብዛኞቹ የሚበቅሉት ከላይኛው ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ስንቃቸው ትንሽ ስለሆነ ከዚያ በታች ካለ ብርሃን ሳያዩ ያልቅባቸዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀሪካኑ የሚያሳያችሁ ለመብቀል የተዘጋጀውን ዘር ብቻ ነው። እንቅልፉን ያልጨረሰው አይታይም። አዲስ የረገፈ ሲናር ለምሳሌ ውኃ ቢጠጣም ቶሎ አይነሳም፤ በደረቅና በሞቃት ወቅት መቆየት አለበት። እንደ ዋጅማ ያሉ የዱር ጥራጥሬዎች ደግሞ ቅርፊታቸው ውኃ አያስገባም። ቅርፊቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ወይም በመፋተግ እስኪሰነጠቅ ይተኛሉ።

ሁለተኛ፦ ዝናቡ ምን ያህል እንደገባ ቆፍራችሁ እዩ

ከሁሉም በላይ የአረምን መውጫ ቀን የሚወስነው እርጥበት ነው። ግን ዘነበ ማለት መሬቱ ረጠበ ማለት አይደለም። ከዝናቡ ማግስት ማሳው ውስጥ ሦስት አራት ቦታ በቢላዋ ቁረጡና የረጠበውን ጥልቀት ለኩ።

ሁለት ጣት ብቻ ከረጠበና ፀሐዩ ከተመለሰ፣ ያ ዝናብ የውሸት ነው። ዘሩ ውኃ መምጠጥ ይጀምርና መልሶ ይደርቃል። ጥቂቱ ጎንቁሎ ይሞታል፣ ብዙው ተመልሶ ይተኛል። አንድ ስንዝር ያህል ከረጠበ ግን ቀኑን ጻፉት። የመጀመሪያው የአረም ማዕበል ተነስቷል ማለት ነው። ወይና ደጋ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መሬቱ ይለብሳል። ቆላ ላይ ይፈጥናል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል።

አረንጓዴ እስኪታይ አትጠብቁ። ማሳው ገና ባዶ በሚመስልበት ቀን፣ ጠዋት፣ በአውራ ጣታችሁ የላይኛውን አፈር ቀስ ብላችሁ ገፈፍ አድርጉት። እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ነገሮች ታያላችሁ። ብርሃን ያላየ የአረም ቡቃያ ነው። አረም በዕድሜው ከዚህ ቀን ይበልጥ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ የለም። አፈሩን ነካ አድርጎ ለፀሐይ ማጋለጥ ብቻ ይገድለዋል። ይህንን ነጭ ክር ማየት የለመደ ሰው አረምን ከሌላው በሳምንት ቀድሞ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን አስቡ

ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ሰው ከአዋሽ ሸለቆ በሰማው የቀን ቆጠራ መሥራት የለበትም።

አረሞቹም ምርጫቸው የተለያየ ነው። አሉማ ሙቀት ይወዳል፤ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ይፈነድቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል። ሲናር በተቃራኒው ቀዝቀዝ ያለ አፈር፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለውን ይመርጣል። ግንቦት ላይ በሞቀ መሬት የሚወጣውና ሐምሌ ላይ ቀዝቅዞ ከረሰረሰ መሬት የሚወጣው አረም አንድ የማይሆነው በዚህ ነው። ግንቦት ላይ ያጸዳችሁት ማሳ ሐምሌ ላይ ሲናር ቢያወጣ ሥራችሁ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። የሲናሩ ተራ ደርሶ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው። ባዶ መሬት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ጥልቅ ውስጥ ግን ሙቀቱ ብዙም አይወዛወዝም። ብዙ አረሞች ወደ ላይ መቅረባቸውን የሚያውቁት በዚህ መወዛወዝ ነው። ገለባ የለበሰ መሬት ውዝዋዜው ይቀንሳል። ስለዚህ አረሙ እንዲበቅል ስትፈልጉ መሬቱን ገላጣ አድርጉት። እንዳይበቅል ስትፈልጉ፣ ለምሳሌ በጓሮ ጎመን መካከል፣ አራት ጣት ያህል ገለባ ወይም ሣር አልብሱት።

አራተኛ፦ ሳትዘሩ ለዘር አዘጋጁ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። ገበሬያችን ጤፍ መሬቱን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ የሚያርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት እርሻ መካከል የሚበቅለውን አረም የሚቀጥለው እርሻ ይገድለዋል። የጎደለው ነገር የመጨረሻው ዙር ላይ ነው፤ እሱን እናስተካክል።

የመጀመሪያውን እርሻና ድገማውን እንደ ልማዳችሁ አድርጉ። ከተቻለ የበልጉን ዝናብ ተጠቀሙበት። ከዚያ ልትዘሩ ካሰባችሁበት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ መሬቱን ልክ እንደምትዘሩ አድርጋችሁ ጨርሱት። ጓሉ ይድቀቅ፣ ይስተካከል፣ ጠበቅ ይበል። ልል አፈር ውስጥ ያለ ዘር ዙሪያውን አየር ስለሚሆን ውኃ በደንብ አይደርሰውም። ጠበቅ ያለው ቶሎ ይበቅላል። ለጤፍ የሚመቸው ለአረሙም ይመቸዋል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ጠብቁ። ጎረቤት «ለምን አትዘራም?» ቢል ታገሡት። ነጩ ክር ከታየበት ቀን አንሥቶ አብዛኛው አረም ሁለት ቅጠል እስኪያወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ደመና የሌለበት ጠዋት ምረጡና አጥፉት። ዝናብ ባለበት ቀን አትንኩት፤ የተነቀለው መልሶ ሥር ይሰዳል።

አጠፋፉ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። እዚህ ላይ በማረሻ በጥልቀት አትሂዱ። ማረሻ ጠልቆ ሄዶ አዲስ ዘር ያወጣል፣ ሦስት ሳምንት የጠበቃችሁት ሁሉ እንደገና ይጀመራል። መቧጨር ያለበት የላይኛው ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጤፍ ከተዘራ በኋላ የሚጎተተው የእሾህ ቅርንጫፍ ለዚህ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነጭ ክር የሆነውን አረም ጠራርጎ ይነቅለዋል። ቅጠል ላወጣው ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት ወይም በመኮትኮቻ ገፈፍ አድርጉት። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳውን በከብት የማስረገጥ ልማድ ባለበት አካባቢም ይኸው ሥራ በከፊል ይሠራል፦ አረሙን ይቀጠቅጣል፣ መሬቱንም ያጠብቃል።

ጭቃው አላስገባ ካለ አንዳንዱ ከዘር በፊት ግላይፎሴት የሚባል አረም ማጥፊያ ይረጫል። ከረጫችሁ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ጓንትና ጭንብል አድርጉ፣ ባዶ ጠርሙሱን ለውኃ መቅጃ አትስጡ። ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው።

አረሙ እንደሞተ ሳትውሉ ሳታድሩ ዝሩ። ስንዴ በመስመር ከሆነ መስመሩን ብቻ ክፈቱ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን አፈር አትረብሹ።

ዝናቡ አጭር በሆነበት አካባቢ ይህ ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል። ክረምቱ ሐምሌ ገብቶ ነሐሴ መጨረሻ በሚወጣበት ቦታ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ምርት ማጣት ነው። እንደዚያ ከሆነ አንዲቱን የሰኔ ዝናብ ተጠቅማችሁ አንድ ማዕበል ብቻ ግደሉና ዝሩ። እንደ ጎጃም ዝናቡ ረጅም በሆነበት ግን ጊዜ አላችሁ። የበጋ ስንዴ በመስኖ የሚያመርቱ ደግሞ ከሁሉም የታደሉ ናቸው። ዝናብ አይጠብቁም፤ ማሳውን አንድ ጊዜ አጠጥተው፣ አብቅለው፣ አጥፍተው መዝራት ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ብርሃን

ብዙ ጥቃቅን የአረም ዘሮች አፈር ውስጥ ሳሉ ለቅጽበት ብርሃን ካዩ ይነቃሉ። ሲታረስ አፈሩ ሲገለበጥ የሚያገኙት ብልጭታ ይበቃቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ይህን ለመከላከል በሌሊት ማረስ ተሞክሯል፤ ውጤቱ እንደ አረሙ ዓይነትና እንደ እርጥበቱ የተለያየ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ቀላል ነው፦ ከዘራችሁ በኋላ አፈሩን ያለ ምክንያት አትነካኩት።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ ጥላ ነው። በቅጠል ውስጥ አልፎ የመጣ ብርሃን ቀዩ ክፍል ተወስዶበታል። ዘሩ ይህን ይለያል፤ ከላዩ ሌላ ተክል እንዳለ አውቆ ይተኛል። ስለዚህ ስንዴን በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር ሳያሳሱ ዘርቶ ቶሎ ማልበስ ራሱ አረም መከላከል ነው። ክፍት የቀረች እያንዳንዷ ቦታ የአረም በር ናት። ጤፍ ግን በልጅነቱ ደካማ ነው፤ መሬት እስኪያለብስ ጊዜ ይወስድበታል። 1000 ፍሬው ከግማሽ ግራም በታች ከሚመዝን ዘር የወጣ ቡቃያ ከማን ጋር ይታገላል? ቅድመ ዝግጅቱ ለጤፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፦ መረሬ መሬት ላይ ከሆናችሁ

ጥቁር አፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ ያቁራል። ውኃ ያቆረ አፈር አየር የለውም፤ ብዙ አረሞች በዚያ ጊዜ አይበቅሉም። ሰውም «ማሳዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ይዘናጋል። እንግጫና መሰሎቹ ግን ረግረግ ይወዳሉ፣ ያን ጊዜ ነው የሚነግሡት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ አየር ይገባና ተኝቶ የነበረው በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ስለዚህ ውኃው ቀድሞ እንዲወጣ አድርጉ። እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ሰፋ ያለ መደብና ቦይ በእጅ ሲሠሩ ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ደግሞ በበሬ የሚጎተት መደብ መሥሪያ፣ ቢቢኤም የሚባለው፣ ለዚህ ተብሎ ተዘጋጅቷል። መደቡ ላይ አየር ስላለ አረሙ ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድማችሁም ታጠፉታላችሁ። ቦዩን ግን አትርሱት፤ እንግጫው እዚያ ይሰበሰባል።

ሰባተኛ፦ ማዳበሪያና ፍግ

አፈር ውስጥ ያለ ናይትሬት፣ ተክል የሚመገበው የናይትሮጅን ዓይነት፣ ለብዙ አረም የመቀስቀሻ ደወል ነው። ማዳበሪያን በማሳው ሙሉ ከመበተን ከዘሩ መስመር አጠገብ ማድረግ የሚሻለው ሰብሉን ለመመገብ ብቻ አይደለም፤ በመካከል ያለውን አረም ላለመቀስቀስም ነው። በጤፍ ላይ የሚጨመረውን ዩሪያ ካረማችሁ በኋላ አድርጉት። አረም መካከል መበተን አረም መቀለብ ነው።

ጥሬ ፍግ ውስጥ በከብቱ ሆድ አልፎ የተረፈ የአረም ዘር አለ። ኮምፖስት አድርጉት። ክምሩ እርጥብ ሆኖ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ለተወሰኑ ቀናት ከጋለ አብዛኛው ዘር ይሞታል። ጠርዙ ስለማይግል አገላብጡት። ብረት ዘንግ መሐል ሰክታችሁ ከደቂቃዎች በኋላ አውጡት፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ በደንብ ግሏል።

አቀንጭራ ግን በዚህ አይታለልም

ማሽላና በቆሎ የምታመርቱ ይህን ለይታችሁ ያዙ። አቀንጭራ በሰብሉ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመገብ ጥገኛ አረም ነው። የአቀንጭራ ዘር ዝናብና ሙቀት ብቻ አይበቃውም። አንድ ሁለት ሳምንት በሞቀና በረጠበ አፈር ከተዘጋጀ በኋላ የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ይጠብቃል። ሰብል በሌለበት መሬት አይወጣም፣ ስለዚህ ከላይ ያልኩት ዘዴ አያጠፋውም። ከአፈር ሲወጣ ደግሞ ጉዳቱን አብዛኛውን አድርሶ ጨርሷል።

እሱን ማታለል የሚቻለው በሌላ ሰብል ነው። ጥጥ፣ አኩሪ አተርና እንደ ላም አተር ያሉ ጥራጥሬዎች ዘሩን ይቀሰቅሱታል፤ ግን ሊጣበቅባቸው ስለማይችል በርሃብ ይሞታል። ማሽላን ከእነዚህ ጋር ማፈራረቅ ይበጃል። ሌላው መንገድ የተሻሻለ ዝርያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከሠሯቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ነው። ከዝርያዎቹ መካከል ሥራቸው ያንን መቀስቀሻ ኬሚካል በጣም ጥቂት ብቻ የሚያወጣ አሉ፤ ዘሩም እንደተኛ ይቀራል። የበቀለውን አቀንጭራ ሮዝ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ንቀሉ። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል።

ከዘራችሁ በኋላ

ከዝግጅቱ የተረፈ አረም መኖሩ አይቀርም። ጤፍ ከተዘራ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ያለችውን ጊዜ ለደቦው ያዟት። ቱ-ፎር-ዲ የሚረጭ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ መድኃኒቱ የሚገድለው በዚያን ቀን የበቀለውን ሰፋፊ ቅጠል ብቻ ነው። ሣሩን አይነካም። ቀጣዩ ዝናብ የሚያበቅለውንም አይጠብቅም። ስለዚህ ከመርጨታችሁ በፊት አፈሩን በአውራ ጣት ገፈፍ አድርጋችሁ ነጭ ክር ካያችሁ ጥቂት ቀን ቆዩ፤ ይውጣና አብሮ ይሙት።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ያዙት። ዝናቡ የገባበት ቀን፣ አፈሩ የረጠበበት ጥልቀት፣ ነጩ ክር የታየበት ቀን፣ መጀመሪያ የወጣው የአረም ዓይነት። ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ገጽ ይበቃዋል። መረሬውንና ቀዩን አፈር በአንድ ገጽ አትጻፉ፤ ቀናቸው አይገጥምም። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ስንዝር ሲረጥብ ደብተሩን ክፈቱና ከዚያ ቀን ጀምራችሁ የደቦውንና የበሬውን ተራ ያዙ።